የቅጹ አምስተኛ ሰው

የቤት ዕጣው ውጤት በከተማው ቤቶች ጽሕፈት ቤት አጥር ላይ የተለጠፈው ሰኞ ጠዋት ነበር። ቆጣሪ አንባቢው ቁጥሩን ያገኘው በአሥራ አራተኛው ወረቀት ላይ፣ ከታች ሦስተኛው መስመር ላይ ነው። ሰውየው የቁጥር ሰው ነው፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞረ የመብራት ቆጣሪ ሲያነብ ኖሯል። ያየውን ቁጥር አይስትም፣ ያላየውንም አይጽፍም። እንዲያም ሆኖ የምዝገባ ካርዱን ከወረቀቱ ጎን አስጠግቶ አኀዞቹን በጣቱ እየነካ አራት ጊዜ አመሳከረ። ከኋላው የቆመች ሴት በትከሻው ላይ ተንጠራርታ፣ «ወጣልህ እንዴ ወንድሜ?» አለችው። አንገቱን ነቀነቀላት።

ከቁጥሩ ቀጥሎ «ባለ ሁለት መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ዓምድ ውስጥ «የቤተሰብ ብዛት 5» ተብሎ ተጽፏል። አምስቱን አይቶታል። ግን በዚያ ሰዓት ዓይኑ እንጂ ልቡ አላየውም።

ነገሩ ውሉ የጠፋው መስኮት ሦስት ላይ ሲደርስ ነው። ጸሐፊዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ጠዋቱ ገና ሳይጋመስ የደከማት ሴት ናት። ካርዱን ተቀብላ ከመደርደሪያው አንድ ቢጫ ማኅደር አወጣችና ማኅተሟን አነሳች።

«እንኳን ደስ ያለዎት። አምስት ቤተሰብ፣ አይደል?»

«አራት ነን።»

ማኅተሙ አየር ላይ ቀረ።

«እዚህ አምስት ነው የሚለው።»

«አራት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ልጃችንና የባለቤቴ አባት።»

«አምስተኛውስ?»

«የለም።»

«የት ሄደ?»

«የትም አልሄደም። ኖሮም አያውቅም።»

ጸሐፊዋ መነጽሯን አጠለቀችና ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ማኅደሩን ወደ እሱ አዙራ በመስታወቱ ሥር አሾለከችለት። ከሦስት ዓመት በፊት የተሞላው ቅጽ ነው። ያን ጊዜ የተጠየቀው ቁጥር ብቻ ስለነበር ስም የሚባል ነገር የለበትም። «በቤቱ የሚኖሩ ሰዎች ብዛት» ከሚለው ሣጥን ውስጥ አንድ ትልቅ አምስት ቁጥር ሆዱን ነፍቶ ተቀምጧል። ጽሕፈቱን ለማወቅ ሁለት ጊዜ ማየት አላስፈለገውም፤ የደንበኞቿን የወገብ ልክ በደብተር ስትይዝ በየቀኑ የሚያየው የሚስቱ እጅ ነው።

«እንግዲህ ይስሙኝ» አለች ጸሐፊዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «አራት ናችሁ ያሉኝን አልሰማሁም። ይህ ዕጣ ለአምስት ሰው የወጣ ነው። የአራት ሰው ዕጣ ለብቻው ነው የወጣው፤ እናንተ እዚያ ውስጥ አልነበራችሁም። ዓርብ ጠዋት አጣሪ ቤታችሁ ይመጣል። ቆጥሮ አምስት ካገኘ ያስፈርማችኋል። ካጎደለ ዕጣው ለተጠባባቂ ይተላለፋል። ይግባኝ የሚባል ነገር የለውም።»

«የሌለ ሰው ከየት አመጣለሁ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ ጌታዬ? ቤትዎ ይሂዱና ረጋ ብለው ይቁጠሩ።»

«አባት» አለ ከኋላ የተሰለፈ ጎረምሳ፤ «ቆጥረው እስኪጨርሱ እኛ እንስተናገድ!»

መንገድ ላይ ሲሄድ ቆጠረ። እኔ፣ እሷ፣ ልጄ፣ አባባ። ከአባባ ጀምሮ ወደ ኋላም ቆጠረ። ከሦስት ዓመት በፊት ቤታቸው የከረመ እንግዳ ነበር? ወንድሙ ታሞ ሁለት ሳምንት ተኝቷል፤ ግን እሱ ከዚያ በፊት ነው። ሠራተኛ ቀጥረው አያውቁም። ታዲያ ማን ነው? አስፋልቱን ሊሻገር አንድ እግሩን እንዳወረደ አንድ ሐሳብ መጣበትና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እሷ የምታውቀው፣ እሱ የማያውቀው ሰው ይኖር ይሆን? አንድ ታክሲ ጥሩንባውን አንባረቀበት። አፈረ። አሥራ አራት ዓመት አብራው የኖረችን ሴት በአንድ አምስት ቁጥር መጠርጠር! ቢሆንም ሐሳቡ ጫማ ውስጥ እንደ ገባ ጠጠር እስከ ቤቱ ድረስ ሲቆረቁረው ሄደ።

ቤታቸው በአንድ ግቢ ውስጥ ያለ ባለ ሁለት ክፍል ኪራይ ነው። የፊተኛው ክፍል ቀን የስፌት ቤት፣ ማታ የአባባ መኝታ ይሆናል። በመስኮቱ ሥር የስፌት መኪናዋ አለች፤ ከጎኗ ጭንቅላት የሌላት፣ ልብስ የሚለካባት ምስል ቆማለች። የኋለኛው ክፍል በመጋረጃ ተከፍሎ ግማሹ የባልና ሚስቱ፣ ግማሹ የልጅቷ ነው። ግቢው ተሽጧል። ገዢው ሊያፈርሰው ስለሆነ ተከራዮቹ እስከ ወሩ መጨረሻ ለቅቀው እንዲወጡ ተነግሯቸዋል። የቀራቸው አሥራ ስድስት ቀን ነው።

ልብስ ሰፊዋ የባሏን ፊት ከበሩ ላይ ስታየው መርፌውን ከአፏ አወጣች።

«ወጣ?»

«ወጣ።»

እልልታዋ ግቢውን አናወጠው። አባባ ከወንበራቸው ተነሥተው መልሰው ተቀመጡ። ሚጣ፣ የአሥራ አንድ ዓመቷ ልጃቸው፣ በአንድ እግሯ እየዘለለች ምስሏን አቅፋ አሽከረከረቻት። ቆጣሪ አንባቢው ግን ኮቱን ሳያወልቅ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆነህ ነው? የወጣልህ ዕጣ እኮ ነው፤ የሞተብህ ሰው ያለ ታስመስላለህ» አለችው።

«እመቤት፣ ስንት ነን?»

«እንዴት ስንት ነን?»

«በዚህ ቤት።»

«አራት ነና! ምን ነካህ?»

«ታዲያ ለምን አምስት ብለሽ ጻፍሽ?»

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ቀጥላ ሳቋን ዋጠችው። «እኔ? አምስት?»

«በገዛ እጅሽ። አምስቱን አየሁት፤ ሆዱ እንኳ ያንቺ ነው።»

እጇን ግንባሯ ላይ አድርጋ ብታስብ ምንም አልመጣላት አለ። ቅጹን የሞላችው ከሥራ ሥራ ስትሯሯጥ፣ የሠርግ ልብስ ላይ እያለች ነው። ማን እንደሰጣት እንኳ አታስታውስም።

«እኔን ሁለቴ ቆጥራኝ ይሆናል» አሉ አባባ። ጡረታ ሳይወጡ የማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበሩ፤ ስሕተት ሲገኝ ደስ ይላቸዋል። «ያኔ ወፍራም ነበርኩ።»

«አባባ፣ አሁን ቀልድ ነው?»

«እሷን ቆጥራ ነው!» አለች ሚጣ ወደ ምስሏ እየጠቆመች። «እማዬ ከእኛ ይልቅ ከእሷ ጋር ነው የምታወራው።»

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ግን ምስሏን ዞር ብሎ አያት፤ ቆጣሪ አንባቢውም ጭምር።

ማክሰኞ ሥራ ወጣ እንጂ አልሠራም ቢባል ይቀላል። አንድ ዳቦ ቤት ቆጣሪ ፊት ቆሞ ያለፈውን ወር ቁጥር መልሶ ጻፈ። ባለዳቦ ቤቱ፣ «ወንድም፣ ምድጃው ሲግል እያየህ ምንም አልተጠቀምክም ብለህ ጻፍክልኝ፤ እግዜር ይስጥህ ልበል ወይስ ላርምህ?» ብሎት ነው የነቃው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ዓይነት ስሕተት የመጀመሪያው ነው። ለምሳ ወደ ቤቱ ሲመለስ አንዲት ጎረቤት ለሴት ልጇ የትምህርት ቤት ቀሚስ ልታሰፋ መጥታ፣ ከሚስቱ ጋር ስትጨቃጨቅ አገኛት።

«ኧረ ይኼ ረዘመ! ልጄ ጉልበቷ ድረስ ነው ያልኩሽ።»

«ጉልበቷ ድረስ ነው የሚደርሰው። የተረፈው ወደ ውስጥ ይታጠፋል።»

«አራት ጣት ሙሉ?»

«ለዕድገት ነው። ዘንድሮ ታጥፊዋለሽ፤ በሚቀጥለው ዓመት ትፈቺዋለሽ። እኔ የልጅ ልብስ ልክ በልኩ ቆርጬ አላውቅም…»

እዚህ ላይ ልብስ ሰፊዋ መለካቷን አቆመች። ጠመኔው በእጇ እንዳለ ቀና ብላ ባሏን አየችው። እሱም አያት። ጎረቤቲቱ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያየች፣ «ምን አልኩ?» አለች። ቀሚሱ በነገው ቀን እንደሚደርስ ተነግሯት ሄደች።

«ለዕድገት ነው» አለች ሚስቱ በሩ ሲዘጋ።

«ምኑ?»

«አምስቱ። አሁን መጣልኝ። አራት ብዬ ልጽፍ ነበር። ከዚያ፣ ቤቱ መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል፣ ልክ በልኩ ብጽፍ ኋላ ይጠበናል ብዬ አሰብኩ። አንድ ጨመርኩበት።»

«እመቤት! ቅጽ እኮ ነው፤ ጨርቅ አይደለም!»

«አውቃለሁ። አሁን አውቃለሁ።» ጠመኔውን ጣውላው ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን በቀሚሷ ጠረገች። «ያኔ ደግሞ… አንድ ልጅ ይኖረናል ብዬ ነበር። አንተም እንደዚያ ትል ነበር።»

ትላንትና አስፋልት ላይ የጠረጠረው ሰው ይሄ ነበር ማለት ነው፤ እሱ ራሱ የተመኘው፣ ያልመጣው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ምሳው ቀዘቀዘ።

«ሄጄ እንደዚህ ነው ብላቸውስ?» አለ በመጨረሻ።

«ምን ልትላቸው? ሚስቴ ለዕድገት ጨመረችበት ልትል? አጣሪው ዓርብ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ቀን ነው ያለን። ሜዳ ላይ ልንወድቅ ነው እኮ።» ትንሽ ቆይታ ድምፅዋን ለወጠች። «አንድ ሰው ቢኖር ምን አለበት? ለአንድ ጠዋት ብቻ።»

«አይሆንም።»

«ለምን አይሆንም?»

«የዚህን ዓይነት ቤት እኔ አውቀዋለሁ፤ ሥራዬ ነው። ቆጣሪ የነካካ ሰው ገና በሩን ሲከፍት ፊቱ ያስታውቃል።»

«እንግዲያው ፊትህን አዙር!» አለችና የስፌት መኪናዋን ፔዳል በኃይል መታችው።

ወሬው ግን ከእነሱ ቀድሞ ወጥቷል። ረቡዕ የአጎቱ ልጅ ደውሎ፣ አምስተኛው ሰው እሱ ቢሆን፣ በረንዳው ቢሰጠው ደግሞ ዝንተ ዓለም እንደማይረሳቸው ነገረው። አንዲት የሚስቱ ጓደኛ እናቷን ልታውስ ፈቃደኛ ሆነች፤ «ጸባየኛ ናቸው፣ ምንም አይናገሩም» አለች። ቆጣሪ አንባቢው ሁለቱንም እንቢ አለ። ሐሙስ ጠዋት ሚስቱ ሳትነግረው ነጠላ ጫማዋን እንዳደረገች ወጥታ፣ ሁለት ፌርማታ ርቃ በአንድ ክፍል ቤት ብቻዋን ወደምትኖረው ወደ ባሏ አክስት ሄደች።

አክስቱ ሠላሳ ዓመት የሆቴል አንሶላ ስትተኩስ የኖረች ሴት ናት። ዘመድ አዝማዱ «ካውያ» ይላታል፤ ለሥራዋም ለምላሷም። ወላጆቹ ሥራ ሲውሉ ያሳደገችው እሷ ስለሆነች እስከ ዛሬ አንቺ ነው የሚላት። ልብስ ሰፊዋ ነገሩን ከነአመጣጡ ስታስረዳት ካውያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች።

«የት ነው የምተኛው?»

«ኧረ መተኛት የለም፤ ለጠዋት ብቻ ነው። ሰውየው እስኪሄድ።»

አክስቲቱ አንዴ በመስኮቷ ወደ ውጭ አየችና «እሺ» አለች።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ትራስ፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ የጥርስ ብሩሽና ካውያዋን ይዛ ከተፍ አለች። ብሩሹን ከሌሎቹ ጋር ብርጭቆ ውስጥ ከተተችው። ትራሱን ሚጣ አልጋ ላይ አደረገችና የአልጋ ልብሱን እንደገና አነጠፈችው፤ ያነጣጠፉ ነገር አላስደሰታትም። ከዚያ የአባባን ወንበር ከሬዲዮው ጎን አንስታ ወደ በሩ አዞረችው።

«ሴትዮ» አሉ አባባ፤ «የሦስት ሰዓት ቤተሰብ ነሽ፤ ወንበሬን ምን አደረገሽ?»

«ብርሃን ጋርደው ነበር። ደግሞ ይኼን ሬዲዮ ይቀንሱት፤ ደንቆሮ ነው እንዴ የሚኖረው እዚህ ቤት?»

«ደንቆሮ ብሆን በታደልኩ! አንቺን አልሰማም ነበር።»

«አክስቴ፣ ተይ በፈጠረሽ» አለ ቆጣሪ አንባቢው። ኮቱን ለብሷል፣ አውልቋል፣ እንደገና ለብሷል፤ አክስቱን ከበር ለመመለስ ግን አልጨከነም።

አጣሪው ሦስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ። በቆጣሪ አንባቢው ዕድሜ ያለ ቀጭን ሰው ነው። ወረቀት የተያዘበት ሰሌዳ በብብቱ፣ እስክሪብቶ በጆሮው ይዟል። ቆጣሪ አንባቢው መጀመሪያ ያየው ጫማውን ነው፤ ሶሉ በውጭ በኩል የተበላ፣ የመንገደኛ ጫማ፤ የራሱ ጫማ ወንድም።

«ይግቡ፣ ይግቡ!» አለ ቆጣሪ አንባቢው፤ «ሻይ ይጠጣሉ? ጣሪያው ትንሽ ያፈሳል፤ በዚህ በኩል ይለፉ። ግቢው እንኳ ጥሩ ነበር፤ ተሸጠና ነው እንጂ። ስኳር ስንት ላድርግልዎ?»

«አመሰግናለሁ፣ አልጠጣም» አለ አጣሪው።

ቆጣሪ አንባቢው የሻዩን ብርጭቆ ይዞ ከኋላው ተከተለው። ከመጋረጃው ማዶ ሲያልፉ ስለ ጣሪያው ደገመለት። እዚያ ላይ እጁ የያዘውን ብርጭቆ አየ። ምንም የሚደብቀው የሌለው ሰው ቆጣሪው ያለበትን በጣቱ አሳይቶ ወደ ሥራው ይመለሳል። በስርቆት ሽቦ የቀጠለ ሰው ግን ሻይ ይዞ ይከተልሃል፤ ስለ ጣሪያው ያወራልሃል። ይህን ለአዲስ ሠራተኞች ራሱ ስንቴ ተናግሮታል። ብርጭቆውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው።

አጣሪው አልጋዎቹን፣ ከዚያም የጥርስ ብሩሾቹን ቆጠረ። ፊተኛው ክፍል ሲመለስ አባባና ካውያ በሬዲዮው እየተጨቃጨቁ ነበር፤ እሳቸው ከፍ፣ እሷ ዝቅ ታደርገዋለች።

«እርስዎ ከቤተሰቡ ጋር ይኖራሉ?» አላት።

«እዚህች ልጅ አልጋ ላይ፣ በግድግዳው በኩል። ሌሊት ትራገጣለች።»

ሚጣ አፏን ከፈተች፤ እናቷ ትከሻዋን ጫን ስትላት ዘጋችው። አጣሪው ከጆሮው እስክሪብቶውን አወረደና ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከዚያ ወረቀቱን ለቆጣሪ አንባቢው አቀበለው።

«አምስት። እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ።»

እስክሪብቶውን ተቀበለ። ካውያ እንኳ ከሬዲዮው እጇን አነሳች። ሚስቱ በዓይኗ ፈርም፣ ፈርም ትለዋለች። ወረቀቱ ላይ ያለው አምስት የሰውየው አምስት ነው፤ ቀጥ ያለ፣ ሆድ የሌለው፤ አይቶ የጻፈው ሰው ቁጥር። እሱም በቀን መቶ ጊዜ እንዲህ እያደረገ ይጽፋል። እስክሪብቶውን ለአጣሪው መለሰለት።

«አራት ነን» አለ።

«አቤት?»

«አራት ነን። አክስቴ ዛሬ ጠዋት ነው የመጣችው። እርስዎ እንዲቆጥሯት።»

ልብስ ሰፊዋ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። አልጮኸችም፤ ከጣውላው ላይ ያነሳችውን መቀስ ከፍታ መልሳ ገጠመችው፣ ከፍታ መልሳ ገጠመችው።

«ለማንም ብዬ አልመጣሁም!» አለች ካውያ። ፊቷ ቀላ። «ቤቴን ለቅቄ ነው የመጣሁት።»

ሁሉም ዞረው አዩዋት።

«መቼ ለቀቅሽ?» አለ ቆጣሪ አንባቢው።

«ዛሬ። ምነው፣ ላንተ ማስታወቂያ መለጠፍ ነበረብኝ? ሁለት ዓመት ሙሉ ብቻዬን ሬዲዮ እሰማለሁ። ከፍ ባደርገው፣ ዝቅ ባደርገው የሚቃወመኝ ሰው የለም። እናንተ ደግሞ ትመጡና ለአንድ ጠዋት ትሉኛላችሁ።» ከዚያ ወደ አባባ ዞረች። «እርስዎ ደግሞ ምን ያዩኛል?»

«ምንም» አሉ አባባ። «ለመቃወም ከሆነ እኔ አለሁ ልልሽ ነበር።»

አጣሪው ግራ ገባው። ሰሌዳውን አገላበጠ፣ ቅጹን ከላይ እስከ ታች አነበበ፣ ከኋላውም አየው።

«እንግዲህ» አለ፤ «እኔን የሚጠይቀኝ ‹በዛሬው ዕለት በቤቱ የሚኖሩ› ብሎ ነው። ከመቼ ጀምሮ የሚል ቦታ የለውም። ለምን ብለው መጡ የሚልም የለውም። እሳቸው እዚህ ነው የምኖረው ይላሉ። እርስዎ ደግሞ አትኖርም ይላሉ። የቤቱ ኃላፊ እርስዎ ነዎት፤ አክስትዎ ይኖራሉ ወይስ አይኖሩም?»

ሰኞ ጠዋት መስኮት ሦስት ላይ የተጠየቀው የቁጥር ጥያቄ ነበር። ይኼኛው ሌላ ነው። አሁን አዎ ቢል፣ ቤቱ ወጥቶ ቅጹ ተረስቶ አጣሪው ከሄደ በኋላም አዎ እንዳለ ነው፤ በየጠዋቱ የሚነሳ፣ የሚነጫነጭ፣ የሚታመም፣ ወንበር የሚያዞር አዎ። አይ ቢል ደግሞ ያሳደገችውን ሴት በሰው ፊት ከቤቱ አስወጣ ማለት ነው፤ ያውም ራሱም ቤት አልባ ሆኖ። እውነቱ የቱ ጋ እንዳለ ለመጀመሪያ ጊዜ አላውቅ አለ። ሚስቱን አያት።

«ምን ታየኛለህ?» አለች ልብስ ሰፊዋ። መቀሱን አስቀመጠችው። ካውያን ከእግር እስከ ራሷ፣ ልክ እንደሚወስድ ሰው አየቻት። «ሚጣ እውነትም ትራገጣለች። እትዬ፣ ያንን ይችሉታል?»

«ካንሶላ ጋር ሠላሳ ዓመት የታገልኩ ሰው ነኝ» አለች ካውያ።

«ትኖራለች» አለ ቆጣሪ አንባቢው። «ከዛሬ ጀምሮ። ከዛሬ ጀምሮ የሚለውን ይጻፉልኝ።»

«ቦታ የለውም አልኩዎት እኮ።»

«ጠርዙ ላይ ይጻፉት።»

አጣሪው ትከሻውን ነቅንቆ ጠርዙ ላይ በትንንሽ ፊደል ጻፈለት። ቆጣሪ አንባቢው ሁለቴ አንብቦ ፈረመ። አጣሪው በሩ ላይ ሲደርስ ቆም አለ።

«ይህ ጠርዙ ላይ ያለውን አለቃዬ ካየው ምን እንደሚል አላውቅም» አለ። «ምንም ላይል ይችላል። ወይም ሊጠሯችሁ ይችላሉ። እኔ ያየሁትን ጽፌያለሁ።»

«መቼ ነው የሚታወቀው?»

«በአሥር ቀን ውስጥ» አለና ሄደ።

ቤቱ ውስጥ ማንም መደሰት ይሁን ማዘን እንዳለበት የሚያውቅ አልነበረም። ሚጣ፣ «ወጣልን ወይስ አልወጣልንም?» ብላ ጠየቀች። አባባ፣ «ጠርዙ ላይ ወጣልን» አሉ። ልብስ ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት፤ ከዚያ ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ባሏን፣ «አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ትገድለኛለህ» አለችው።

ቆጣሪ አንባቢው የመስኮቱን ሻይ አንስቶ ቀዝቅዞም ቢሆን ጠጣው።

«አክስቴ፣ ዕቃሽ የት አለ?»

«ቤቴ ነዋ።»

«የለቀቅሽው ቤት?»

ካውያ የብርድ ልብሷን ጠርዝ አስተካከለች። አንድ ጊዜ አስተካክላ፣ እንደገና አስተካከለችው።

«አክስቴ?»

«በልቤ ለቅቄያለሁ» አለች። «ሴትዮዋ ብቻ ነች ያልሰማችው።»

«አከራይሽ አልሰማችም?»

«ማን ጊዜ ሰጠኝ? እስከ አሁን እዚህ ስጣራ!»

ቆጣሪ አንባቢው ሰዓቱን አየ፤ አራት ሰዓት ተኩል። ጠርዙ ላይ የተጻፈው «ከዛሬ ጀምሮ» ነው፤ ዛሬ ደግሞ ገና አላለቀም። ኮቱን አነሳና፣ «ተነሽ» አላት።

ጋሪ ተከራይተው ሄዱ። የአክስቱ ክፍል በአንድ ደረጃ ሥር ያለች፣ አልጋ ከገባባት መላወሻ የሌላት ቤት ናት። አንሶላዎቹ በልካቸው ተተኩሰው፣ መጽሐፍ መስለው መደርደሪያው ላይ ተቀምጠዋል። ልብስ ሰፊዋ እነሱን አቀፈች፤ ሚጣ ድስቶቹን ያዘች። ቆጣሪ አንባቢው የአልጋውን ብሎን እየፈታ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ዋሽቶ እንደሆነ፣ አሁን የሚያደርገው ደግሞ ውሸቱን ማረም ይሁን ማጠንከር ሲያስብ፣ አንዱንም ሳይጨርስ አከራይዋ ደረጃውን ወርዳ በሩ ላይ ቆመች። እጇ ሊጥ ነክቶታል።

«ምንድን ነው ይኼ? ዛሬ ነው የምትወጪው? ቀደም ብሎ አይነገርም እንዴ?»

«ምን ላድርግ እቴ?» አለች ካውያ የሬዲዮዋን ገመድ እየጠቀለለች፤ «እኔም የሰማሁት ዛሬ ነው።»

ቆጣሪ አንባቢው የአልጋውን ራስጌ በትከሻው ብድግ አደረገና፣ እንድታሳልፈው አከራይዋን በአክብሮት ይቅርታ ጠየቃት።